ሳህን ተሸካሚዋ ኤውፌሊያ

ኤውፌሊያ ላንዳቫዞን "ሥራሽ ምንድን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምሳውን በልቶ ቢመጣ ይሻለዋል፤ ቶሎ አትለቀውም። "ሾፌር ነኝ" ብላ የምትገላገል ሴት አይደለችም። መጀመሪያ ደረቷን ነፋ ታደርጋለች። ቀጥላ ከማግዳሌና ከተማ በስተምዕራብ ወዳለው ወደ ሳን አጉስቲን ሜዳ በአገጯ ትጠቁማለች። ከዚያ፣ "ሜዳው ላይ የተደረደሩትን ነጫጭ ሳህኖች አይተሃቸዋል? አንዷ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያናችንን ከነደወሉ ትከድናለች። እነሱን ከቦታ ቦታ የምሸከማቸው እኔ ነኝ" ትላለች። ሰውየው ከሳቀ ትቆጣለች። ካልሳቀም "ምነው ዝም አልክ፣ አላመንከኝም?" ብላ ትቆጣለች።

እውነቷን ነው። ሳህኖቹ የሰማይ ማያ መሣሪያዎች ናቸው፤ በሦስት አቅጣጫ በተዘረጋ ሐዲድ ዳር ቆመዋል። ተቀራርበው ሲቆሙ ሰማዩን በጅምላ ያያሉ፤ ተራርቀው ሲቆሙ ደግሞ ከሩቅ የተደበላለቀ የሚመስለውን ነገር ለይተው ያያሉ። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ይነሣሉ፣ ይጓዛሉ፣ እንደገና ይተከላሉ። የሚያነሣቸው ተሸካሚ የምንለው ቤት የሚያህል ማሽን ነው፤ ከሳህኗ ሥር ይገባና በትልልቅ ክሪኮች ወደ ላይ ገፍቶ፣ በጥንድ ሐዲድ ላይ ከሰው እርምጃ በማይበልጥ ፍጥነት ይዟት ይሄዳል። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ያለው ሰው ተሸካሚውን ሳያይ አልቀረም። ያንን ማሽን ከማንም ይልቅ ረጅም ዘመን የነዳችው ኤውፌሊያ ናት።

ጎብኚዎች ሳህኖቹን "የሰማይ ጆሮዎች" ሲሏቸው ደሟ ይፈላል። "ጆሮ አይደሉም!" ትላለች። "የሚይዙት ድምፅ ሳይሆን ብርሃን ነው። ዓይን የምታየው ብርሃን ከብዙ ዓይነት አንዱ ብቻ ነው፤ ሐኪም ቤት አጥንትህን የሚያነሣው ኤክስሬይ ብርሃን ነው፣ ከምድጃ ወጥቶ ፊትህን የሚያሞቀው ብርሃን ነው፣ ሬዲዮህ የሚይዘውም ብርሃን ነው። የኛዎቹ ይህን የመጨረሻውን ያያሉ።" ይህን የምትለው በአንድ ትንፋሽ ነው። ያስተማራት ሰው ቢኖርም፣ አሁን አሁን የራሷ ግኝት ይመስላት ጀምሯል።

ትዕቢተኛ ናት የሚሏት አሉ። እኔ ኩሩ እላታለሁ። ሐዲዱ አውራ ጎዳናውን የሚያቋርጥበት ቦታ አለ፤ ተሸካሚው ሳህን ይዞ ሲያልፍ መኪና ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ከብት የጫነ የጭነት መኪና ሾፌር ትዕግሥቱ አልቆ ጥሩምባውን አምባረቀው። ኤውፌሊያ ሳህኗን አሻግራ፣ ማሽኑን በወጉ አቁማ፣ ወርዳ በእግሯ ወደ እሱ ሄደች። መስኮቱን አንኳኩታ፣ "ወንድሜ፣ አንተ ላም ይዘህ ስታልፍ እኔ ጥሩምባ ነፍቼብህ አውቃለሁ?" አለችው። መልሱንም ሳትጠብቅ ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

ይህቺ ሴት ታዲያ ቤቷ ስትገባ ስለ ሥራዋ ትንፍሽ አትልም ነበር። ምክንያቱ አባቷ ናቸው።

አብራን ላንዳቫዞ በጉልምስናቸው የከብት ነጂዎች አለቃ ነበሩ። ያኔ ከብት በመኪና አይጫንም፤ በእግሩ እየተነዳ፣ ያንን ሰፊ ሜዳ አቋርጦ፣ ማግዳሌና ባቡር ጣቢያ ይደርሳል። መንጋው ስንት ቀን እንደሚሄድ፣ የት ውኃ እንደሚጠጣ፣ የት እንደሚያድር የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ የጭነት መኪና በዛ፣ የከብት መንገዱ ተዘጋ፣ የማግዳሌናም ሐዲድ ተነቀለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሜዳው ላይ አዲስ ሐዲድ ሲዘረጋ አዩ። ለከብት መስሏቸው ፈረሳቸውን ጭነው ሄደው ጠየቁ። ለሳህን ነው አሏቸው።

"ለላም ሐዲድ የለንም ያሉ ሰዎች ለሰማይ ሐዲድ ዘረጉ!" ብለው ተመለሱ። ሳህኖቹ ከታጠሩበት አጥር ወዲያ እግሬ አይረግጥም ብለውም ማሉ። አብራን ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባሉ ዓይነት ሰው ናቸው፤ አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ከዓመታት በኋላ ገና ወጣት የነበረችው ኤውፌሊያ እዚያው ሜዳ ሥራ ስትቀጠር፣ አባቷ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ተቀምጠው "ልጄ ሳህን አጣቢ ሆነች" አሉ። ከተማው በሙሉ ሳቀ። ኤውፌሊያ ሰማች። አልረሳችውምም። ቡሎን ከማጥበቅ ጀምራ፣ ክሪክ አንቀሳቅሳ፣ ተሸካሚውን እስከ መንዳት ስትደርስ፣ እያንዳንዱን ደረጃ የወጣችው ያቺን ሳቅ እየሰማች ነበር። እናቷ ሞተው፣ የአባቷም ዓይን እየደከመ ሄዶ ጨርሶ ሲጨልም፣ ጓዟን ይዛ እሳቸው ቤት ገባች። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ጎረቤት ያማሉ። ስለ ሳህን ግን አይነሣም።

ጡረታ የምትወጣበት ዓመት ደረሰ።

እነዚህ የተሸካሚው ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ በየትኛውም ደንብ ላይ አልተጻፈም። ከመካከላቸው አንዱ ጡረታ ሊወጣ ሲል፣ በመጨረሻው ጉዞ ላይ "አውርድ" የሚለውን ምልክት የሚሰጠው አለቃቸው ሳይሆን ጡረተኛው የመረጠው የቤተሰብ ሰው ነው። ሳህኗ ከሲሚንቶ መቆሚያዎቿ በላይ ተንጠልጥላ ትቆያለች። የተመረጠው ሰው እጁን ወደ ላይ ያነሣል። እጁን እስኪያወርድ ድረስ ክሪክ የሚነካ የለም። አንዱ ሚስቱን አምጥቷል፤ አንዱ ሐኪም የሆነች ልጁን። ባል ያላገባች፣ ልጅ ያልወለደች ኤውፌሊያ ግን ያለቻት አንድ እጅ ናት፤ እሷም ከአጥሩ ወዲያ ላትሻገር የማለች እጅ ናት።

ጊዜ አለኝ ብላ ነበር። የመጨረሻ ጉዞዋ ገና በግንቦት ነበር፤ እስከዚያ ቀስ ብዬ አለሳልሳቸዋለሁ አለች። ሰማይ ግን የሰው ቀጠሮ አያከብርም። በመጋቢት አንድ ቀን ጠዋት፣ ዶክተር ሃሊና እየሮጠች ተሸካሚው የሚያድርበት ጋራዥ ገባች። ሃሊና ከፖላንድ የመጣች፣ እዚህ ሜዳ ላይ ያረጀች የሰማይ ተመራማሪ ናት፤ ኤውፌሊያን ስለ ብርሃን ያስተማረችው እሷ ናት፤ ኤውፌሊያ ደግሞ ለእሷ ቃሪያ መጥበስ አስተምራታለች።

"ሁለት የሞቱ ኮከቦች ተጋጩ!" አለች ሃሊና ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

"መቼ?" አለ ቨርኖን። ቨርኖን የተሸካሚው ቡድን አለቃ ነው፤ የአላሞ ናቫሆ ነባር ሕዝብ ተወላጅ፣ ረጋ ያለ፣ ቀልዱንም እንደ ቡሎን እየቆጠረ የሚያወጣ።

"ትናንት። ማለቴ፣ ዳይኖሰሮች በነበሩበት ጊዜ። ብርሃኑ የደረሰን ግን ትናንት ነው።"

"እንግዲያው ምን ያስቸኩላል?" አለ ቨርኖን።

ሃሊና አልሳቀችም። የጠርሙስ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ ነገሯን አስረዳች። መጀመሪያ ጋማ የሚባለው እጅግ የጋለው ብርሃን መጣ፤ ሳተላይት ያዘው፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ አልቆየም። ቀጥሎ ቺሊ አገር ተራራ ላይ ያሉት የሰማይ ማያ መነጽሮች ሰማያዊ ነጥብ አዩ፤ ነጥቧ አሁን ወደ ቀይ እየተለወጠች ነው። ከዚያ ኤክስሬዩ ይጠበቃል። ከሁሉ በመጨረሻ የሚመጣው ሬዲዮው ነው። "ያ የኛ ነው" አለች። "ምናልባት በሁለት ሳምንት ውስጥ። ያኔ ሳህኖቹ በደንብ ተራርቀው መቆም አለባቸው። አሁን ግን ግማሾቹ እዚህ፣ ግማሾቹ እዚያ ናቸው።"

ቨርኖን ባርኔጣውን አውልቆ አናቱን አከከ። የሚቀሩትን ሳህኖች በጣቱ ቆጠረ። የመጨረሻዋ፣ በሰሜኑ ሐዲድ ጫፍ የምትተከለዋ፣ ለኤውፌሊያ የተያዘችው ነበረች። "የሚመጣው ሐሙስ" አላት ቀስ ብሎ። "ይቅርታ፣ ኤውፌሊያ። ግንቦት ድረስ አንቆይም።"

"ምን ይቅርታ አለው? ሥራ ነው" አለች ኤውፌሊያ። ፊቷ ግን ሌላ ይናገር ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ፕሮኮፒዮ አርሚሆ ቤት ሄደች። ፕሮኮፒዮ ክርስትና ያነሷት አባቷ ናቸው፤ የአብራን አበልጅ፣ የወጣትነት ባልንጀራ፣ የዕድሜ ልክ ተፎካካሪ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳይሰዳደቡ የዋሉበት ቀን ካለ አንዳቸው ታመው ነው። ኤውፌሊያ ነገሩን ስትነግራቸው ፕሮኮፒዮ ከወንበራቸው ተነሡ።

"እኔ አለሁልሽ አይደል? የክርስትና አባትሽ ምን ሊሠራ ነው? ይችን እጅ አነሣለሁ!" አሉና እዚያው ማጀት ውስጥ አነሧት። አምፖሉን ሊመቱት ምንም አልቀራቸው።

"አባባ እምቢ ካሉ ነው" አለች ኤውፌሊያ።

"እምቢ ይላላ! በቅሎ እኮ ነው። እምቢ እንዲል እጸልያለሁ" አሉ ፕሮኮፒዮ። በማግስቱ ፖስታ ቤት ተሰልፈው ለቆመው ሰው ሁሉ ሐሙስ ስለሚያወርዱት ሳህን ይተርኩ ነበር።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ኤውፌሊያ የአረንጓዴ ቃሪያ ወጥና ቦሎቄ ሠርታ ለአባቷ አቀረበች። በዚያ ቤት ለዘመናት ያልተነሣውን ነገር ያነሣችው በመጨረሻ ያኔ ነው። ስለ ሐሙስ፣ ስለ ልማዱ፣ ስለ እጁ ነገረቻቸው። 

አብራን ቂጣቸውን ቆርሰው ወጡን ጠረጉ። "ዕውር ሰው ሰማይ የሚያዩበት ቦታ ሄዶ ምን ሊሠራ?" አሉ።

"እኛም አናየውም፣ አባባ። የምንጠብቀውን ብርሃን የሚያይ ዓይን የለም። እርስዎ ባያዩት ሃሊናም አታየውም፣ እኔም አላየውም።"

"ማንም?"

"ማንም።"

ሽማግሌው ኩባያቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። "ይሄማ አዲስ ነገር አይደለም" አሉ። "ከብት ለምልክት ስንተኩስ መተኮሻው ብረት ከእሳት ሲወጣ ነጭ ነው። ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ቀይ። ከዚያ ይጠቁራል። አዲስ ገብ ሠራተኛ በቀዩ ብረት አይቃጠልም፤ ቀዩን ሁሉም ይፈራዋል። የሚቃጠለው በጥቁሩ ነው። ዓይኑ 'በርዷል' ይለዋል፤ ብረቱ ግን አልበረደም። እጅሽን ጠጋ ብታደርጊ ይነግርሻል።"

ኤውፌሊያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ልክ እንደዚያ ባይሆንም በጣም ይመሳሰላል" አለች። "ዓይን 'ጠፋ' ሲለው እኛ እናገኘዋለን። ከሁሉም ዘግይቶ የሚመጣው እሱ ነው። ግን ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ወር፣ ሁለት ወር፣ ከዚያም በላይ ይቆያል።"

"ዘግይቶ የሚመጣው?" አሉ አብራን ቅንድባቸውን አንሥተው። "እኔን ነው የምትሰድቢኝ?"

"ስለ ኮከብ ነው የማወራው።"

"እንዲያ ከሆነ እሺ።" ከዚያ ድምፃቸው ደረቀ። "ነገሩ ገብቶኛል። መምጣት ግን አልመጣም። ምያለሁ።"

"እሺ" አለች ኤውፌሊያ። ሳህኖቹን ከገበታው ላይ ማንሣት ጀመረች። "ክርስትና አባቴ ይመጡልኛል።"

የአብራን እጅ ኩባያው ላይ እንዳለች ቀረች። "ማን?"

"አበልጅዎ።"

"ፕሮኮፒዮ? መንጋ ጠብቅ ተብሎ ተኝቶ ግማሹን ከብት ያስጠፋው ፕሮኮፒዮ? እሱ እጁን አንሥቶ የኔን ልጅ ሊያዛት?"

"ሸሚዛቸውን ተኩሰው ጨርሰዋል" አለች ኤውፌሊያ። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም። ሽማግሌው በትራቸውን እየነኩ ወደ መኝታቸው ሄዱ። ኤውፌሊያ ዕቃ እያጠበች አለቀሰች። ያሸነፈች ሳይሆን የተሸነፈች መሰላት፤ አባቷን ታውቃቸዋለች፤ ቅናት ያበግናቸዋል እንጂ መሐላ አያስፈታቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ግን የመጋቢት ነፋስ ከምዕራብ ተራሮች በኩል እየተነሣ ነበር። ነፋስ የተሸካሚው ሰዎች ዋና ጠላት ነው፤ ከመጠን ካለፈ ሳህን የያዘ ማሽን ንቅንቅ አይልም። ቨርኖን የነፋስ መለኪያውን እንደ ትኩሳት መለኪያ እየደጋገመ ያይ ነበር። ኤውፌሊያ ሳህኗን ተሸክማ በሰሜኑ ሐዲድ ለረጅም ሰዓት ተጓዘች። ሁለት ላሞች ሐዲዱ መሐል ተኝተው አገኘቻቸውና በጥሩምባ ሳይሆን ወርዳ በእጇ አስነሣቻቸው። የሐዲዱ ጫፍ ስትደርስ፣ ማሽኑን ሚሊሜትር በሚሊሜትር አስጠግታ ሳህኗን ከሦስቱ የሲሚንቶ መቆሚያዎች በላይ አቆመች። በዚያ ማሽን ላይ ካሳለፈቻቸው ቀናት ሁሉ እንደዚያ ቀን አሳምራ የነዳችበት የለም፤ ራሷም ታውቀዋለች፤ ለዚህም ነው ከጋቢናው ስትወርድ ዙሪያዋን የቃኘችው። የምትፈልገው ሰው የለም።

ፕሮኮፒዮ ግን ነበሩ። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ የብር ዘለበት፣ ለሠርግ የሚያደርጉት ባርኔጣ። እጃቸውን ደጋግመው እያነሡና እያወረዱ ይለማመዱ ነበር።

"አያድክሙት እንጂ" አላቸው ቨርኖን።

"ይህ እጅ ስንት ወይፈን ጥሏል መሰለህ?"

"ዛሬ የሚጥለው ሳህን እንዳይሆን ብዬ ነው።" ቨርኖን ወደ ኤውፌሊያ ዞረ። "ነፋሱ እየጨመረ ነው። ከቀትር በፊት ካላወረድናት ማሽኑ ላይ ታድራለች፤ ነገ ደግሞ የባሰ ነው የሚሉት። እንጀምር?"

ኤውፌሊያ ጓንቷን አጠለቀች። "እንጀምር" አለች። ከሳህኗ ሥር ገብታ የክሪኩን መቆጣጠሪያ ያዘች። ፕሮኮፒዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አቧራውን ያየው መጀመሪያ ቨርኖን ነው። በአገልግሎት መንገዱ ላይ አንድ መኪና እየከነፈ ይመጣ ነበር፤ ለየቤቱ ጋዝ የሚያከፋፍለው ሰው ቦቴ። አጥሩ በር ላይ ደርሶ ቆመ። በሩ ተከፈተና መጀመሪያ በትር ወረደች፤ ቀጥሎ አሮጌ የከብት ነጂ ጫማ፤ ቀጥሎ አብራን ላንዳቫዞ።

አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ምን እንዳሰቡ እግዜር ያውቃል። ከዚያ በጋዝ ሻጩ ክንድ ተደግፈው ገቡ። ሐዲዱን በበትራቸው ነክተው አገኙት፤ ደግመው መቱት፤ ብረቱ ጮኸ።

"ይሄ አሮጌ ብረት ነው" አሉ።

"ነው" አለ ቨርኖን። "ከተነቀሉ መስመሮች የተለቀመ ነው ይባላል።"

"ከማግዳሌናም?"

"እሱን አላውቅም፣ አባት።"

"ሊሆን ይችላል" አሉ አብራን። ሽማግሌው በትራቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩና ተሻገሩት።

ፕሮኮፒዮ ከርቀት ጮኹ። "ዘግይተሃል፣ አበልጄ! ቦታው ተይዟል!"

"አንተ ስትጠብቅ መቼ ነው ቦታ ተይዞ የሚያውቀው? ተኝተህ ይሆናል።"

"እስከ ዛሬ ያችን አንዲት ሌሊት ታነሣለህ?"

"ከብቶቹስ እስከ ዛሬ መቼ ተመለሱ?"

ሁሉም ሳቀ። ፕሮኮፒዮም ሳቁ። ሳቃቸው ግን የተሸነፈ ሰው ሳቅ አልነበረም። ወደ አበልጃቸው ሄደው ትከሻቸውን ያዙና ራሳቸው ቆመውበት የነበረው ቦታ ላይ አቆሟቸው። "ትንሽ ወደ ግራ" አሏቸው በለሰለሰ ድምፅ። "ትንሽ። እዚህ ጋ። አሁን ከፊት ለፊትህ ናት።"

አብራን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ነፋሱ ነጭ ፀጉራቸውን አመሳቀለው። ባርኔጣውን እንደያዙ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

ክሪኮቹ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ምልክቱን ጠበቀ። እጁ ግን አልወረደም። ነፋሱ ባርኔጣውን አንቀሳቀሰው፤ እጁ አልወረደም። ቨርኖን የነፋስ መለኪያውን አየ፤ ሽማግሌውን አየ።

"አባት፣" አለ በትሕትና፣ "ምን እየጠበቁ ነው?"

"ልጄ የት ናት?"

"ሳህኗ ሥር፣ ከክሪኩ መቆጣጠሪያ አጠገብ። ልክ ከፊትዎ።"

"ታየኛለች?"

"ዓይኗን ከእጅዎ ላይ አልነቀለችም።"

"እንግዲያው ትንሽ ትየኝ" አሉ አብራን፤ ድምፃቸው ሳህኗ ሥር ድረስ ተሰማ። "እኔ ዓይን በነበረኝ ጊዜ ሳላያት ኖሬአለሁ። ሠርታ ስትገባ፣ ሠርታ ስትወጣ፣ አላየኋትም። ሳህን አጣቢ ብያታለሁ። አሁን ትየኝ፣ እዚህ ቆሜላት።"

ፕሮኮፒዮ ወደ ተራራው ፊታቸውን አዞሩ። ኤውፌሊያ በጓንቷ ዓይኗን ጠረገች፤ ጓንቱ ቅባት ነበረበትና ፊቷ ጠቆረ፤ ግድም አልሰጣት። ኩራት ሞላት፤ በማሽኑ አይደለም፣ በሳህኗም አይደለም። በዚያ ግትር ሽማግሌ ኮራች። መሐላን መጠበቅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በማግዳሌና የለም፤ ያንኑ መሐላ በሰው ሁሉ ፊት ማፍረስም ምን ያህል እንደሚከብዳቸው የምታውቀው እሷ ናት።

እጁ ወረደ።

ኤውፌሊያ መቆጣጠሪያውን ገፋች። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ነጭ ሳህን፣ የተኛ ሕፃን አልጋው ላይ እንደሚቀመጥ ዓይነት ሦስቱ መቆሚያዎቹ ላይ ዐረፈ። የወረደች መሆኗ የታወቀው ተሸካሚው ሸክሙ ቀልሎት ሲተነፍስ ነው።

"ወረደች?" አሉ አብራን።

"ወረደች" አላቸው ቨርኖን። "ቡሎኑን አጥብቁ!"

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኤውፌሊያ ከሱቅ ስትመለስ፣ የቤቱ ስልክ ሲጮህ ሰማች። የቃሪያ ከረጢት በሁለት እጇ ይዛ ነበርና አልሮጠችም። አብራን ሲያነሡት በተከፈተው መስኮት ሰማች።

"አዎ" አሉ። ዝም ብለው አዳመጡ። "መጣ? ... ሁሉም ሳህኖች አዩት? የሰሜኗም? ... ደካማ ነው? ይሁን፣ ደካማ ይሁን፤ ይቆያል አይደል? ... አውቃለሁ እንጂ፣ እኔ መቼ አጣሁት፤ ጥቁር ብረት ነው።" ደዋይዋ ሃሊና በመጨረሻ ከማን ጋር እንደምትነጋገር ጠይቃቸው መሆን አለበት። በዚያ ሜዳ በየውኃ ጉድጓዱ ስማቸው ይታወቅ የነበረው የከብት ነጂዎች አለቃ፣

"እኔ የኤውፌሊያ አባት ነኝ" አሉ።

ስልኩን ዘጉ። በትራቸው ወለሉን እየነካች ወደ በሩ መምጣት ጀመረች፤ ከወትሮው ፈጠን ብላለች። ኤውፌሊያ ከረጢቱን አስቀመጠች። ምንም ያልሰማች መስላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና፣ መጥተው እስኪነግሯት ጠበቀች።